231 ፊደል፣ 256 ወንበር፦ ወላይትኛና ኮምፒውተር የተገናኙበት ረጅም መንገድ

በ1992 ዓ.ም. መግቢያ፣ ፈረንጆቹ መስከረም 1999 በሚሉት ወር፣ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ 3ኛ እትሙ ወጣ። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታ ያገኘው በዚህ እትም ነው። 345 ምልክቶች የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸው ከዐረብኛና ከቻይንኛ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ተሰለፉ። ዛሬ አንድ ሰው ከሶዶ በስልኩ አማርኛ ጽፎ ሲልክ፣ ዋሽንግተን ያለ ዘመዱ ሳይበላሽ የሚያነበው በዚያ ሥራ ምክንያት ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወላይታ ሶዶ በሌላ ጉዳይ ትታመስ ነበር። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ንግግር አንድ ላይ ቀይጦ ‹ወጋጎዳ› በሚል ስም የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ደረሰ። ተማሪው፣ መምህሩና ነዋሪው ለተቃውሞ ወጣ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ታሰሩ፤ መጽሐፉም ቀረ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ሁለቱን ክስተቶች ማንም አንድ ላይ አያነሳቸውም። አንዱ የመሐንዲሶች፣ ሌላው የፖለቲካ ታሪክ ተደርጎ ተቀምጧል። የሚመልሱት ጥያቄ ግን ተመሳሳይ ነው፦ ቦታው ጠባብ፣ እንግዳው ብዙ ሲሆን ምን ይደረጋል? የዩኒኮድ ሰዎች ቤቱን አሰፉ። የወጋጎዳ አዘጋጆች ደግሞ አራት እንግዶችን በአንድ ወንበር ለማስቀመጥ ሞከሩ። የመጀመሪያው መንገድ ሠራ፣ ሁለተኛው ደም አፈሰሰ።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ወንበር ታሪክ ይከተላል። ወላይትኛ በኮምፒውተር ውስጥ ዛሬ የት እንዳለ ለመረዳት ከሂሳቡ መጀመር ይሻላል።

ወንበሩ ስንት ነው?

ሰው የሚቆጥረው በእጁ ነው። ወላይትኛ ከአምስት በላይ ሲቆጥር ኡሱፑና፣ ላፑና፣ ሆስፑና፣ ኡዱፑና ይላል። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ማለት ነው። አራቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ ያልቃሉ። አንዱን እጅ ጨርሶ ወደ ሌላኛው የተሻገረ ቆጣሪ ይመስላሉ። ከዚያ ታማ ይመጣል፤ አሥር። እጁ አለቀ።

ኮምፒውተር እጅ የለውም፤ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አንዱ ማብሪያ ቢት ይባላል፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። አንድ ቢት ሁለት ነገር ይለያል። ሁለት ቢት አራት፣ ሦስት ቢት ስምንት። ቢት በተጨመረ ቁጥር የሚለየው ነገር እጥፍ ይሆናል።

ፊደል ለማሽኑ ሥዕል ሳይሆን ቁጥር ነው። አንድ ፊደል ማሽኑ ውስጥ እንዲኖር የራሱ ቁጥር፣ ማለትም የራሱ ወንበር ሊኖረው ይገባል። የድሮው ቴሌፕሪንተር በ5 ቢት ይሠራ ስለነበር 32 ወንበር ብቻ ነበረው። ሁለት ዓይነት ፈረቃ እየተለዋወጠ ያንን ወደ እጥፍ ግድም ያደርሰዋል። አሜሪካኖች በ1963 እ.ኤ.አ. አስኪ የተባለውን ሰንጠረዥ ሲያወጡ 7 ቢት መረጡ፤ 128 ወንበር። ከዚህ ውስጥ 33ቱ የማሽን ትእዛዞች ናቸው። የቀሩት 95 ለእንግሊዝኛ ከበቂ በላይ ናቸው፤ 26 ትልልቅ ፊደል፣ 26 ትንንሽ፣ 10 አኃዝ፣ ሥርዓተ ነጥብና ባዶ ቦታ።

አሁን የግዕዝን ፊደል እንቁጠር። 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። እንደ ቋ እና ኗ ያሉ ዲቃሎች ይጨመራሉ። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 የግዕዝ ቁጥሮች ይጨመራሉ። አራት ነጥብና ድርብ ሰረዝ ይጨመራሉ። 128 ወንበር ባለበት ቤት ይህ ሁሉ እንግዳ በር ላይ ይቀራል።

በኋላ የግል ኮምፒውተሮች ሲመጡ 8 ቢት የተለመደ ሆነ፤ 256 ወንበር። በወረቀት ላይ 231 ከ256 ያንሳል፤ የሚበቃ ይመስላል። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ 128 ወንበሮች በእንግሊዝኛ መያዛቸው ነው። እነሱን ማስነሳት ማለት የማሽኑን ትእዛዝ፣ የፋይሉን ስም፣ የፕሮግራሙን ቋንቋ ሁሉ ማፍረስ ነው። የሚቀረው 128 ነው። 231 ሰው በ128 ወንበር።

ይህን ያደረገው ክፋት አልነበረም። ሰንጠረዡን የሠሩት ሰዎች ከፊታቸው የነበረውን ቋንቋ ቆጠሩ፤ ሌላውን አላሰቡትም። ውጤቱ ግን ያው ነው። በሂሳቡ ያልተቆጠረ ሕዝብ የራሱን ሂሳብ ራሱ መሥራት ነበረበት።

ከሥራ ሰዓት ውጭ የተሠራ ሥራ

ችግሩ ከኮምፒውተር በፊት ተጀምሯል። ስማቸው ከአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጋር የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ያጋጠማቸው ተመሳሳይ ነገር ነው። የጽሕፈት መኪና ቁልፎች ጥቂት ናቸው። መፍትሔው ፊደሉን መበጣጠስ ሆነ፤ አንዱ ቁልፍ ግንዱን ይመታል፣ ሌላው ቁልፍ ቅጥያውን ይለጥፍበታል። በዚያ መኪና የተመታ የቆየ የመንግሥት ደብዳቤ ያየ ሰው ፊደሉ እግሩ ተነጥሎ፣ ቀለበቱ ወደ ጎን ሸሽቶ እንደነበር ያስታውሳል። የቴሌኮሙኒኬሽን ባለሙያው ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅም በቴሌፕሪንተር ላይ ከዚሁ ጥበት ጋር ታግለዋል።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የግል ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጥያቄውን ያነሱት በአብዛኛው መሥሪያ ቤቶች ሳይሆኑ ለነገሩ ፍቅር ያደረባቸው ግለሰቦች ናቸው። ፍስሃ አጥላው በሂውሌት ፓካርድ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ። የዩኒኮድ ሐሳብ አመንጪ ከሆነው የዜሮክሱ ጆ ቤከር ጋር የግዕዝን ጉዳይ ቀድመው ካነሱት መካከል ናቸው። ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ የሚኖሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ‹ጋሽ አበራ ሞላ› ከሚባለው ከአርቲስት ስለሺ ደምሴ ጋር መምታታት የለባቸውም። በቀን የእንስሳት ሕክምና፣ በማታ የፊደል ፕሮግራም። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ለአንባቢ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው፤ አንድ ጥንታዊ ፊደል ወደ ማሽን የገባው ከደሞዝ ሰዓት ውጭ በተሠራ ሥራ መሆኑ።

እነዚህ ሰዎች 231ን በ128 ለማስቀመጥ ሁለት ዓይነት ብልሃት ተጠቀሙ። አንደኛው ፊደሉን ለሁለት ፎንት መክፈል ነው፤ ግማሹ ቤት በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው፣ ፕሮግራሙ ከኋላ ሆኖ ያቀያይራል። ሁለተኛው የጽሕፈት መኪናው ብልሃት ነው፤ ግንድ እና ቅጥያ። ሁለቱም ይሠሩ ነበር፣ ሁለቱም ይሰበሩ ነበር።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሦስተኛ መንገድ አቀረቡ። ሴራ የተባለው ሥርዓታቸው ወንበር አልጠየቀም። አማርኛውን በላቲን ፊደል በጥብቅ ሕግ ጻፉት፤ ማሽኑ ራሱ ወደ ግዕዝ ይመልሰዋል። ‹ሰላም› አምስት የላቲን ፊደል ሆኖ ይገባል፣ ሦስት የግዕዝ ፊደል ሆኖ ይወጣል። ዛሬ በስልክ ላይ አማርኛ የሚጽፍ ወጣት ‹ሰ›ን ለማግኘት ሁለት ቁልፍ ሲነካ በዚያው አስተሳሰብ እየሠራ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ገበያው ሌላ መልክ ያዘ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አሰጣጥ ነበረው። አንዱ ጋ ‹መ› የሆነው ቁጥር ሌላው ጋ ሌላ ፊደል ነው። በአንድ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ በፍሎፒ ዲስክ ወደ ሌላ ቢሮ ሲሄድ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ሆኖ ይከፈታል። ጋዜጣ አዘጋጅ፣ ጸሐፊ፣ ማተሚያ ቤት ያላለፈበት ሰው የለም። የዚያ ዘመን ፋይሎች ብዙዎቹ ዛሬ ማንም አይከፍታቸውም።

ዩኒኮድ ይህን የፈታው በጉልበት ሳይሆን በሂሳብ ነው። ቢቱን ወደ 16 አሳደገ፤ 65,536 ወንበር። ያም እንደማይበቃ ሲታወቅ በ17 አበዙት፤ 1,114,112። አሁን ማንም ማንንም አይገፋም። ሆኖም ቁጥር ማግኘትና ሰው ዓይን ላይ መድረስ ይለያያሉ። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለተራው ተጠቃሚ ያቀረበው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከሰንጠረዡ እስከ ጠረጴዛው ስምንት ዓመት ግድም ፈጅቷል።

ልጅና ሁለት

ወላይትኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በጎን በር ነው።

ደርግ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀምር ወላይትኛ ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ዘመቻው በኋላ 15 ቋንቋ ደርሷል። ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በዳሞታ ተራራ ሥር ያሉ አርሶ አደሮች የራሳቸውን ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያዩት በ‹ሀ ሁ› ነው።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ፊደሉ ተቀየረ። ወላይትኛ እንደ ብዙዎቹ የደቡብ ቋንቋዎችና እንደ ኦሮምኛ ወደ ላቲን ሄደ። ፖለቲካ ነበረበት፤ ያንን መካድ አይቻልም። የቋንቋ ምክንያትም ነበረው፤ ያንንም መካድ አይቻልም።

የአማርኛ አንባቢ ‹ገና› የሚለውን ቃል ሲያይ በዓሉ ይሁን ‹ቆይ› የሚለው ትርጉም ከዐውዱ ይረዳል። ላልቶና ጠብቆ የሚነበበው በፊደሉ ላይ አይታይም። በወላይትኛ ግን መጥበቅ ብቻ ሳይሆን የአናባቢ ርዝመትም ትርጉም ይለውጣል። ልጅ እና ሁለት የሚሉትን ቃላት እንውሰድ። በግዕዝ ፊደል ሁለቱም ‹ናኣ› ተብለው ይጻፋሉ። በአፍ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ‹ሁለት› ሲባል የመጀመሪያው አናባቢ ይረዝማል፣ ጉሮሮ ላይ ያለው ቆረጣም ይጠብቃል። በላቲን አጻጻፍ ርዝመቱ አናባቢውን በመድገም፣ ጥብቀቱ የጉሮሮውን ምልክት በመድገም ይታያል። ሁለቱ ቃላት በወረቀት ላይ ተለያዩ።

የሚያስቆጨው ቀጥሎ የመጣው ነው። የግዕዝ ፊደል ራሱ ይህን ጉድለት የሚሞላ ምልክት በዩኒኮድ ውስጥ አግኝቷል። የጥብቀት ምልክት በ2005 እ.ኤ.አ. ገባ። የአናባቢ ርዝመት ምልክትና ሁለቱን አጣምሮ የሚያሳየው ምልክት በ2010 ተጨመሩ። እነዚህ ሁለቱ የተጨመሩት ለባስኬቶ ነው፤ ባስኬቶ ደግሞ የወላይትኛ የሥጋ ዘመድ የሆነ የደቡብ ቋንቋ ነው። ‹ልጅ›ንና ‹ሁለት›ን በግዕዝ መለየት የሚቻልበት መሣሪያ ተሠርቶ ተቀመጠ። ወላይትኛ ግን ከቤቱ ከወጣ 20 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ አንድ ትውልድ በላቲን ማንበብ ተምሮ ጨርሷል።

ይህ ‹ፊደሉ ይመለስ› ለማለት አይደለም። የተማረን ትውልድ እንደገና ማይም ማድረግ መፍትሔ አይሆንም። የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ መሣሪያ በጊዜው ካልደረሰ ውሳኔው ያለ እሱ ይወሰናል።

ላቲን ነፃ ትኬት አይደለም

‹ላቲን ከሆነ ከኮምፒውተር ጋር ችግር የለም› የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ዘንድ አለ። በከፊል እውነት ነው። አንድ የስልክ አጭር መልእክት 1,120 ቢት ይይዛል። በአስኪ አቅራቢያ ያሉ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 ቢት ስለሚወስዱ 160 ይገባሉ። የግዕዝ ፊደል 16 ቢት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። በአንድ መልእክት ዋጋ በወላይትኛ ከእጥፍ በላይ የፊደል ቦታ ይገኛል። በኢንተርኔት ላይም እንዲሁ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. በፈጠሩት፣ ዛሬ ዓለም በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ 8 በተባለው አቀማመጥ፣ ተራ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል።

አሁን ወደ ‹ሁለት› እንመለስ። በወላይትኛ የላቲን አጻጻፍ የጉሮሮው ድምፅ የሚታየው በጭረት ነው፤ በእንግሊዝኛ ጭረተ ቅጽል በምትመስለው ትንሽ ምልክት። ‹ሁለት› በሚለው ቃል መካከል ሁለት ጭረት ተከታትለው ይቆማሉ። ለሰው ዓይን ፊደል ናቸው። ለማሽኑ ግን ሥርዓተ ነጥብ ናቸው፤ ቃሉ እዚያ ጋ አልቋል ብሎ ያስባል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ሲፈለግ ቃሉ ለሁለት ይቆረጣል፤ ስህተት ጠቋሚው ከሥሩ ቀይ ያሰምራል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በዩኒኮድ ውስጥ ያቺን ጭረት የሚመስሉ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች አሉ። አንደኛዋ ቀጥ ያለችው የኪቦርድ ጭረት ናት። ሁለተኛዋ ጽሑፍ ማቀናበሪያው በራሱ ጊዜ የሚያጎብጣት የጥቅስ ምልክት ናት። ሦስተኛዋ ለእንዲህ ዓይነት ድምፅ ተብላ የተሠራች፣ እንደ ፊደል የምትቆጠር ምልክት ናት። ዓይን አንድ ነገር ያያል፣ ኮምፒውተር ሦስት። ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ደግሞ በሁለቱ ጭረት ምትክ አንድ ድርብ ጥቅስ ይመታል፤ አራተኛ አጻጻፍ ተፈጠረ። በአንዱ የተጻፈ ቃል በሌላው ሲፈለግ አይገኝም።

ዋጋም አለው። ቀጥ ያለችው ጭረት በ7 ቢቱ የመልእክት ሰንጠረዥ ውስጥ አለች፤ ጎባጣዋ ግን የለችም። አንዲት ጎባጣ ጭረት የገባችበት መልእክት በሙሉ ወደ 16 ቢት ይቀየራል፤ 160 የነበረው 70 ይሆናል። አንድ ወላይታ በአንዲት ጭረት ምክንያት የሁለት መልእክት ሂሳብ ሊከፍል ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አይነግረውም።

ጎረቤቶቹ ጋሞዎች ይህንኑ ድምፅ በሌላ መንገድ ጻፉት፤ በ7 ቁጥር። ‹ሳኣ›፣ ምድር ማለት ነው፤ ወላይታው በጭረት፣ ጋሞው በመካከሉ 7 አስገብቶ ይጽፈዋል። ብልህ ምርጫ ነው፤ 7 አይጎብጥም፣ ቃልም አይቆርጥም። ግን እሱም ለማሽኑ ቁጥር ነው፤ ፊደል የሚያጣራ ፕሮግራም አውጥቶ ይጥለዋል። ወጋጎዳ አንድ ሊያደርጋቸው የሞከረው ሰዎች አንዱን ድምፅ እንኳ በሁለት የተለያየ ጥበብ ጽፈውታል፤ ሁለቱም የሚሰናከሉት ደግሞ እነሱ ባልነበሩበት በተሠራ ሰንጠረዥ ነው።

ማሽኑ ውስጥ ያለው የድሮ ወላይታ

ለቋንቋዎች ዓለም አቀፍ አጭር መለያ አለ፤ ሦስት ሦስት ፊደል። ወላይትኛ ‹ደብሊው፣ ኤ፣ ኤል› የሚል መለያ ይዟል። ይህ መለያ ሲሰጥ ከጎኑ የተጻፈው ስም ‹ወላሞ› ነበር፤ ሕዝቡ ስድብ አድርጎ የሚቆጥረው፣ ሌሎች ያወጡለት ስም። ስሙ በኋላ ታርሞ ‹ወላይታ› ሆኗል። ሦስቱ ፊደላት ግን አልተነኩም፤ መለያ ከተለወጠ የቆዩ ሥርዓቶች ሁሉ ይሰበራሉና። በዓለም ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ወላይትኛን የሚጠራው ከዚያ ስም በተረፈ ቅሪት ነው።

ሌላም አለ። የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ለየቋንቋው የቀን፣ የወርና የቁጥር አጻጻፍ የያዘ ትንሽ ፋይል አላቸው። የወላይታ ፋይልም አለ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያስገባው ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ ያለ እነሱ ጥረት ምንም አይኖርም ነበር። በፋይሉ ውስጥ እሑድ ‹ወጋ›፣ ሰኞ ‹ሳይኖ›፣ ማክሰኞ ‹ማቆሳኛ›፣ ረቡዕ ‹አሩዋ›፣ ሐሙስ ‹ሃሙሳ›፣ ዓርብ ‹አርባ›፣ ቅዳሜ ‹ቄራ› ይላል። ሁሉም በግዕዝ ፊደል።

በሶዶ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ እነዚህን ቀናት የሚጽፈው በላቲን ነው። ማሽኑ ግን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ይጽፍለታል። ስህተት ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ የዕውቀት መዝገብ የመጨረሻው ሰው ትቶት የሄደበት ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ፋይሉን የሚያድሰው የሚያገባው ሰው ነው፤ የሚያገባው ሰው ደግሞ መኖሩን አያውቅም።

አሁን የጎደለው ወንበር አይደለም

የዛሬው ጥበት ሌላ ነው። ዩኒኮድ ቦታ ሞልቶታል፤ ላቲኑም ግዕዙም ተቀምጧል። አሁን ማሽን ቋንቋ የሚማረው ከሰንጠረዥ ሳይሆን ከጽሑፍ ክምር ነው። ብዙ ጽሑፍ ያለው ቋንቋ ይማራል፣ የሌለው ይዘለላል። ሜታ በ2022 እ.ኤ.አ. 200 ቋንቋ የሚተረጉም ሞዴል ሲያወጣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ነበሩበት። ወላይትኛ አልነበረም። በደርግ ዘመቻ ከእነሱ ጎን ተሰልፎ የነበረ ቋንቋ ነው።

የአገር ውስጥ ሥራ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ የቀረበ ጥናት የወላይትኛን ቃል ወደ ግንዱ የሚመልስ ስልተ ቀመር ሠርቷል። አማርኛ ቃሉን ከውስጥ ይለዋውጣል፤ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት። ወላይትኛ ግን የሚጨምረው ከኋላ ነው፤ ኬታ ቤት፣ ኬታን ቤት ውስጥ፣ ኬታፔ ከቤት። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው ከጫፍ እየገፈፈ ይሄዳል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛና ለወላይትኛ የተቀዳ የንግግር ክምችት አቅርበዋል። እነዚህ ሥራዎች ያሳዩት ቋንቋው ለማሽን የማይመች አለመሆኑን ነው። ያልተመቸው የሚከታተለው ተቋም ነው።

ሶዶ ዛሬ የድሮዋ ሶዶ አይደለችም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ናት። በአንድ ቢሮ ውስጥ የክልሉ ደብዳቤ በአማርኛ፣ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ በወላይትኛ ላቲን ይጻፋል፤ አንድ ጸሐፊ በአንድ ኪቦርድ ሁለቱንም ትመታለች። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተርንም ወላይትኛንም ያስተምራል። የሚያስፈልጉት ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ አሉ።

የሚጠበቀው ሥራም የጠፈር ምርምር አይደለም። አንደኛ፣ የትኛዋ ጭረት የወላይትኛ ፊደል እንደሆነች አንድ ገጽ ውሳኔ ማውጣትና ኪቦርዱን በዚያ ማስተካከል። ሁለተኛ፣ ያረጀውን የቀናትና የወራት ፋይል ማደስ፤ ፋይሉ ለማንም ክፍት ነው፣ የአንድ ተማሪ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ በዞኑ የሚታተመው የመማሪያ መጽሐፍ፣ የሬዲዮ ጽሑፍና ማስታወቂያ ሁሉ በፎቶ ኮፒ ሳይሆን ሊፈለግ በሚችል ጽሑፍ እንዲቀመጥ ማድረግ። ፎቶ የተነሳ ገጽ ለሰው ጽሑፍ ነው፤ ለማሽን ግን ሥዕል ነው፣ ከሥዕል የሚማረው ቋንቋ ጥቂት ነው።

‹ገንዘብ የለም› የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የእንስሳት ሐኪም፣ የኩባንያ ተቀጣሪና ጥቂት የፊደል ወዳጆች ብዙውን በማታ ሠሩት። ልዩነቱ እነሱ ወንበር በሌለበት ቤት ወንበር መሥራት ነበረባቸው። ለወላይትኛ ወንበሩ ተሠርቶ ተቀምጧል።

በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ሰዎች ወደ አደባባይ የወጡት ቋንቋቸው በስሙ እንዲጠራና እንደሚናገሩት እንዲጻፍ ነው። ያ ጥያቄ በመጽሐፉ ላይ ተመልሷል። በማሽኑ ውስጥ ግን ገና ነው። ቋንቋው ዛሬም በወላሞ ቅሪት ይጠራል፤ ቀናቱም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በተወው ፊደል እንደተቀመጡ አሉ። ይህን ለመለወጥ ሰልፍ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍልና የወላይትኛ ክፍል ያሉ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ነው።